ለጎረቤት ያልተነገረ እሳት

ወለጋ ሲባል በብዙ ሰው ዓይነ ልቡና የሚመጣው ዝናብና ልምላሜ ነው። ሐቅም ነው። ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ፤ በአገራችን ዝናብ ከማይነፈጋቸው ቦታዎች ተርታ የሚቆጠሩ ናቸው። ቡናው፣ በቆሎው፣ ማንጎውና ማሩ ሁሉ የዚህ ዝናብ በረከት ነው። ታዲያ እንዲህ ካለ አገር ተቀምጦ ስለ ሰደድ እሳት መጻፍ ምን አመጣው? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን ሌላ ገጽ አለው። ክረምቱ በበረታ ቁጥር ሣሩ ይረዝማል፤ ሰንበሌጡ የሰው ቁመት ያልፋል። ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያቆም ያ ሁሉ ልምላሜ ቀስ በቀስ መድረቅ ይጀምራል። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች የቆመው ሣር አንዲት ፍም የሚጠብቅ ማገዶ ይሆናል። በሳተላይት በሚነሡ ምስሎች ላይ በየበጋው የምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ ሸለቆዎች በእሳት ነጠብጣብ ተሞልተው ይታያሉ። ዝናብ የበዛለት አገር እሳትም የሚበዛበት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ እሳቱ ከቤታቸው አጠገብ ሲነድ ሰዎች ኑሯቸውን እንዴት እንደሚገፉ፣ እሳቱ ከየት እንደሚመጣና ከመምጣቱ በፊት ምን ሊደረግ እንደሚቻል ለማየት እንሞክራለን።

የካቲት በጉቴ

ጉቴ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ናት። ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ትርቃለች። በወረዳው ውስጥ ኮምቶ የተባለው የተጠበቀ ደን ይገኛል። በዙሪያው ደግሞ ማሳ፣ የግጦሽ መሬት፣ የባሕር ዛፍ ተክልና የሣር ሜዳ እየተፈራረቁ እስከ ሸለቆው ይወርዳሉ።

እኛ በመምህርነት የምናውቃቸውን አንድ ቤተሰብ እናንሣ። ስማቸውን መጥቀስ አላስፈለገንም፤ የእነርሱ ታሪክ የብዙዎች ነውና። አባወራው ገበሬና ንብ አናቢ ነው። ባለቤቱ ከጓሮዋ ያፈራችውን ጎመንና ሽንኩርት በገበያ ቀን ትሸጣለች። አራት ልጆች አሏቸው። ልጆቹ «አኮ» እያሉ የሚጠሯቸው አያትም አብረው ይኖራሉ። ቤታቸው የከተማው ቤቶች አልቀው ማሳው በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

የካቲት ሲገባ የዚህ ቤት ውሎ ይለወጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ስለሚውል ለውጡ ከጾሙ ጋር ይገናኛል። እናት ለሱሑር ተነሥታ ምድጃውን ስታቀጣጥል አኮ ቀድመው ደጅ ይወጣሉ። የሚወጡት ጭሱን ለማየት ነው። «ጭስ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጧቱ ሰላም ነው፤ መሬት ለመሬት ከተኛ ግን ነፋስ አለና ልጆች ከቤት አይራቁ» ይላሉ። ይህ በትምህርት ቤት ያላገኙት፣ ነገር ግን ትክክለኛ የሆነ እውቀት ነው።

ከዚያ የውኃው ጉዳይ ይመጣል። በሌላው ጊዜ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጄሪካን ውኃ ይቀዱ ነበር፤ በየካቲት ሁለት ይሆናል። ሁለተኛው ጄሪካን በር ሥር ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። ስሙም «የእሳት ውኃ» ነው። ለዉዱእ የሚሆነው ከመጀመሪያው ተቆጥቦ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሁለት እጅ እፍኝ በሚገመት ውኃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ የተዘገበ በመሆኑ አባወራው ልጆቹን በዚሁ ያስተምራቸዋል። የውኃ ቁጠባ ትምህርት በዚህ ቤት በቃል ብቻ አይቀርም።

ረፋዱ ላይ አመድ መዝነብ ይጀምራል። እንደ ብናኝ ሆኖ በታጠበ ልብስ ላይ፣ በተሰጣ በርበሬና በቆሎ ላይ ያርፋል። እናት ልብሱን ወደ ቤት ታስገባለች፤ እህሉን ትሸፍናለች። ትንሹ ልጅ ሌሊቱን ሲያስለው ያድርና ጧት ዓይኑ ቀልቶ ይነሣል። እኛም በክፍል ውስጥ በእነዚህ ሳምንታት ዴስክ ላይ ደፋ ብሎ የሚያንቀላፋ ተማሪ ስናይ ስንፍና ነው ብለን አንቸኩልም። ብዙዎቹ ሌሊቱን ከአባታቸው ጋር ማሳ ሲጠብቁ ያደሩ ናቸውና።

ከዐስር በኋላ የከብቶቹ ተራ ነው። በወለጋ ገበሬዎች በበጋ ከብቶቻቸውን በማሳ ላይ በሚዘዋወር በረት የማሳደር ልማድ አላቸው፤ ፍጉ መሬቱን ያዳብራልና። እሳት ባለበት ሰሞን ግን በረቱ ከሩቁ ማሳ ተነሥቶ በታረሰ መሬት ላይ፣ ከቤት አጠገብ ይተከላል። በር ላይ ደግሞ አንድ ከረጢት ተንጠልጥሏል። በውስጡ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ፣ ቁርኣንና በጨርቅ የተቋጠረ የበቆሎ ዘር አለ። እናት «ቤት ይሠራል፤ ይህ ግን ከጠፋ ቶሎ አይገኝም» ትላለች።

ማታ ተራዊሕ በተራ ይሰገዳል። ግማሹ ጀማዓ ሲሰግድ ግማሹ ከመስጊዱ ውጭ ቆሞ ተራራውን ይመለከታል። በጨለማ ውስጥ ከሩቅ የሚታየው ቋያ ተደርድሮ ሲበራ የትልቅ ከተማ መብራት ይመስላል። ልጆች ያምርባቸዋል፤ ትልልቆቹ ግን ርቀቱን ይለካሉ።

እሳቱን ማን ይለኩሰዋል?

በበጋ በአካባቢያችን መብረቅ እምብዛም የለም። እሳቱ በራሱ አይነሣም ማለት ነው። የሚለኩሰው ሰው ነው፤ ያውም ከሩቅ የመጣ ጠላት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው።

አንዱ ገበሬ የበቆሎ አገዳና ገለባ ለማጽዳት ማሳውን ያቃጥላል። ሌላው ያረጀው ሣር ተቃጥሎ ለከብቶቹ ለጋ ሣር እንዲያቆጠቁጥለት፣ መዥገርና እባብም እንዲጠፋለት ይለኩሳል። ማር ቆራጩ በሌሊት ዛፍ ላይ ወጥቶ ንቦቹን ለማባረር የሚያጨሰው ችቦ ፍሙ ሾልኮ ሣር ላይ ይወድቃል። ከሰል አክሳዩ ምድጃውን ሳያዳፍን ይሄዳል። እረኛ ልጅ በቆሎ ጠብሶ እሳቱን ትቶ ይነሣል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ደኑን ላጥፋ፣ የጎረቤቴን ቤት ላቃጥል ብሎ የተነሣ የለም። ሁሉም ችግሩ ወይም ኑሮው ነው ያስነሣው። ይህን መረዳት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ለኳሹን እንደ ክፉ ሰው ብቻ የሚያይ ኅብረተሰብ የእሳቱን መነሻ አያገኘውም።

አኮ እንደሚሉት በድሮ ጊዜ ሣር የሚቃጠለው በኅዳርና በታኅሣሥ ነበር። ያኔ ሣሩ ግማሹ እርጥብ በመሆኑ እሳቱ እየተንፏቀቀ ሄዶ እርጥብ ቦታ ሲደርስ ይጠፋል። ዛሬ ግን ብዙ ሰው እስከ የካቲት ቆይቶ፣ ሁሉ ነገር ከደረቀ በኋላ ይለኩሳል። የሣር ምድር እሳትን የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ዘግይቶ የተለኮሰ እሳት ከፍ ያለና ዛፍ የሚገድል እንደሚሆን ያስረዳሉ። የአያትና የባለሙያ ቃል እዚህ ላይ ይገናኛል።

የቤተሰቡ ቀን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የረመዳን ቀን የሆነውን እንንገራችሁ። የቤተሰቡ የማሳ ጎረቤት በዕድሜ የገፉ፣ በሃይማኖት ክርስቲያን የሆኑ አባት ናቸው። ለዓመታት በሐዘንም በደስታም አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኒህ ሰው በማለዳ ነፋስ አለመኖሩን አይተው የበቆሎ አገዳቸውን ለኮሱ። ለማንም አልተናገሩም። ፀሐይ ሲበረታ እንደተለመደው ነፋሱ ተነሣ፤ እሳቱም አጥሩን ዘሎ ሰንበሌጡ ውስጥ ገባ። ሣር ውስጥ የገባ እሳት ዳገት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ወላፈኑ ከላይ ያለውን ሣር አስቀድሞ እያደረቀ መንገዱን ይጠርግለታልና። የቤተሰቡ ቤት ደግሞ በዳገቱ አናት ላይ ነበር።

በአካባቢው ቋንቋ «ኢያ» የሚባለው የድረሱልን ጩኸት ተሰማ። ሰው ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም፣ ከገበያም ከትምህርት ቤትም ወጣ። ቅጠላም ቅርንጫፍ የያዘ ይመታል፤ ዶማና አካፋ የያዘ መሬቱን ይጠርጋል፤ ሴቶች ውኃ ያመላልሳሉ። አባወራው ጾመኛ ነበር። ዙህር ሲቃረብ ጉልበቱ ከዳውና ተንገዳገደ። ሼኹ ክንዱን ይዘው «ጠጣ» አሉት። «ሼኽ፣ ጾም ላይ ነኝ» ቢላቸው «አውቃለሁ፤ እኔም ነኝ። ነፍስ ለማዳን ነው፤ ቀኑን ቀዷ ታወጣዋለህ፤ ጠጣ» ብለው ጣሳውን አፉ ላይ አደረጉለት። የፊቅህ ሊቃውንት ነፍስን ከአደጋ ለማትረፍ የግድ የሆነበት ሰው ጾሙን ሊፈታና በኋላ ሊተካው እንደሚችል ያስተምራሉ። ይህን ወጣቶቻችን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል፤ በጭስ መሐል ቆሞ ፈትዋ የሚጠየቅበት ጊዜ የለምና።

ከዐስር በኋላ እሳቱ ቆመ። ዋንዛው ላይ የተሰቀሉት አምስት ቀፎዎች ከነንቦቻቸው ጠፉ። አጥሩና የጭዱ ክምር ተቃጠለ። ቤቱና ማድ ቤቱ ግን ተረፉ። የተረፉትም እናት ከጥር ጀምሮ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ሣር እስከ ባዶ አፈር ድረስ ስትጠርግ ስለነበረ ነው። ሴቶች ልጆቿ በዚህ ሥራ ያማርሩ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አላማረረም።

ማታ ኢፍጣር ላይ ትልቁ ልጅ ተቆጥቶ ነበር። «ነገ ሄጄ ፖሊስ ዘንድ እከሳቸዋለሁ» አለ። አኮ ቴምሩን ሳያነሡ አዩትና «ልጄ፣ የምንፈልገው እሳቱ እንዳይደገም ነው ወይስ ሰውዬው እንዲጠፉ?» ብለው ጠየቁት። መልስ አልሰጠም።

ሽምግልናው በሦስተኛው ቀን ተቀመጠ። ከሁለቱም ወገን የታመኑ ሽማግሌዎች ተገኙ። ጎረቤቱ ጥፋታቸውን አልካዱም። «ለምን አልነገርኸንም?» ብለው ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋቸው ግን የመለሱት መልስ የሁላችንንም ልብ ነካ። «ብነግራችሁ ትከለክሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። አገዳውን የማነሣበት ጉልበት የለኝም፤ ልጆቼም አጠገቤ የሉም» አሉ።

አባወራው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አባቴ፣ ነግረውን ቢሆን ኖሮ እኔና ልጆቼ ቅርንጫፍ ይዘን ከጎንዎ እንቆም ነበር» አላቸው።

ውድ አንባብያን፣ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር በዚህ ንግግር ውስጥ ይገኛል። አንድን እሳት ከሥራነት ወደ አደጋነት ያሻገረው ነፋሱ ብቻ አልነበረም፤ ዝምታውም ነበር። ዝምታውን የወለደው ደግሞ ፍርሃት ነው። ጎረቤት ቢነግረን እንደምንረዳው ካላወቀ አይነግረንም። እንግዲያው በቤታችን ዙሪያ ሣር እንደምንጠርገው ሁሉ፣ በእኛና በጎረቤታችን መካከል ያለውንም መንገድ አስቀድመን መጥረግ ይኖርብናል።

ካሳው እንዴት ተወሰነ?

ሽማግሌዎቹ የወሰኑት ጎረቤቱ አምስት አዲስ ቀፎዎች አሠርተው እንዲሰቅሉና፣ ንቦቹ ገብተው ማር እስኪሰጡ ድረስ ከራሳቸው ቀፎ ከሚቆርጡት ማር ግማሹን ለተጎጂው ቤተሰብ እንዲሰጡ ነው። አባወራውም ከልጆቹ ጋር በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤቱን አገዳ አብሮ ሊያነሣ ቃል ገባ። በተጨማሪም የመንደሩ ሰዎች አንድ ደንብ አወጡ፦ ማንም ማሳውን ሊያቃጥል የፈለገ ሰው በዋዜማው ለአዋሳኞቹ ሁሉ ይናገራል፤ አዋሳኞቹም ቅርንጫፍና ውኃ ይዘው ይመጣሉ።

ይህን ውሳኔ ስንሰማ በቁርኣን ውስጥ በሱረቱል አንቢያእ የተወሳው የነቢዩ ዳውድና የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ፍርድ ትዝ አለን። በሌሊት በጎች የሰው አዝመራ ውስጥ ገብተው ባጠፉ ጊዜ፣ ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት፣ ነቢዩ ሱለይማን የበጎቹ ባለቤት አዝመራውን እንደነበረ እስኪያደርገው ድረስ የአዝመራው ባለቤት በበጎቹ ወተትና ሱፍ እንዲጠቀም ፈርደዋል። የጠፋው ይተካል፤ ያጠፋውም ሰው አይጠፋም። የጉቴ ሽማግሌዎች ይህን አንብበው አይደለም የፈረዱት፤ ነገር ግን ፍትሕ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ፊቱ ይመሳሰላል።

የፊቅህ ሊቃውንትም በራሱ መሬት ላይ እሳት ስለሚያነድ ሰው ተነጋግረዋል። ነፋስ በሌለበት፣ እንደ ልማዱ ተጠንቅቆ ያነደደና፣ ነፋስ ያነደደውን ወደ ሩቅ ያደረሰበት ሰው አንድ ነው፤ ነፋስ ባለበት ቀን ወይም ከልማድ ያለፈ እሳት ያነደደ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ይህኛው ላጠፋው ንብረት ካሳ አለበት ብለዋል። በመንግሥት ሕግም በኩል በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 በደን ላይ እሳት መለኮስን በወንጀል ያስቀጣል። ሽምግልና ሕግን አይተካም፤ ሕግ ግን እሳቱ ከነደደ በኋላ የሚመጣ ሲሆን ጎረቤት ከመንደዱ በፊት ሊደርስ ይችላል።

ከባሌ እስከ ስሜን

ይህ የአንድ መንደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ወደ ኋላ መለስ እንበል። በ1992 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት በአገራችን ከታዩት ሁሉ ከባዶቹ አንዱ ነበር። ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ነደደ። ዘመኑ ድርቅ የበረታበት፣ አገሪቱም ከኤርትራ ጋር በጦርነት ላይ የነበረችበት ነው። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው በአሥር ሺዎች ተሰልፎ በቅርንጫፍና በአካፋ ታገለ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካም ባለሙያዎች መጡ። የዚያ ዓመት የዓረፋ በዓል የዋለው በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት ነበር፤ ይኸውም እሳቱ ገና ሳይበርድ ነው። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም በሆነበት የባሌ ምድር ያን ዒድ ከጭስ ጋር ያሳለፉ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። በመጨረሻ እሳቱን ጨርሶ ያጠፋው ከአላህ የመጣው ዝናብ ነው።

በባሌም ቢሆን መነሻው ያው ነበር፦ ለእርሻ መመንጠር፣ ለግጦሽ ማቃጠል፣ ማር መቁረጥ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ በአዳባና በዶዶላ የተሞከረው መንገድ ለዚህ ነው ትምህርት የሚሰጠው። በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን በስምምነት እንዲጠቀሙበትና እንዲጠብቁት ተደረገ። ማኅበራቱ በኦሮምኛ «ዋልዳ ጂራቶታ ቦሶና» ማለትም የደን ነዋሪዎች ማኅበር ሲባሉ፣ በአጭሩ «ዋጂብ» ተብለው ተጠሩ። አጋጣሚ ሆኖ ቃሉ እኛ በዲናችን «ግዴታ» ለምንለው ቃል መጠሪያ ነው። ደኑ የእርሱ የሆነ ሰው እሳቱን መጠበቅ ግዴታው ይሆናል፤ ደኑ የሌላ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ጭስ እያየ ያልፋል።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳ ሣሩና አስታው ነደደ። ዋሊያና ቀይ ቀበሮ በሚኖሩበት በዚያ ገደላማ ስፍራ የአካባቢው ሕዝብ ለቀናት ታገለ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። በባሌም በስሜንም የታየው አንድ ነገር ነው። ሄሊኮፕተር የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው ሁልጊዜ ጎረቤት ነው።

ለቤተሰብ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ወላጆችና ወጣቶች በየቤታቸው ሊያደርጓቸው ከሚችሏቸው ነገሮች ጥቂቱን እናቅርብ።

1ኛ. ከጥር በፊት በቤቱ፣ በማድ ቤቱና በጭድ ክምሩ ዙሪያ ያለውን ሣርና ቅጠል እስከ ባዶ አፈር ድረስ መጥረግ። የጭድና የማገዶ ክምር ከቤት ግድግዳ ይራቅ። የሣር ክዳን ቤት በበራሪ ፍንጣሪ ብቻ ሊያያዝ ስለሚችል የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል።

2ኛ. ሳያቃጥሉ መጠቀም ሲቻል አለማቃጠል። የበቆሎ አገዳ ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለብስባሽ ይሆናል። ማቃጠል ግድ ከሆነ ሣሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ፣ ነፋስ በረገበበት ሰዓት፣ ዙሪያውን ጠርጎ፣ ለአዋሳኝ ሁሉ ተናግሮና እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ ከቦታው ሳይለዩ ነው።

3ኛ. በሌሊት እሳትን ሳያጠፉ አለመተኛት። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳት የሰው ጠላት መሆኑን አሳስበው ስንተኛ እንድናጠፋው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በተለይ በረመዳን ከሱሑር በኋላ ተመልሶ የሚተኛ ቤተሰብ ረመጡን በውኃ ያርስ፣ በእንጨት ያማስል፣ ሙቀቱ መጥፋቱን ካረጋገጠ በኋላ በአፈር ያልብስ።

4ኛ. እሳት ከመጣ ወደ ዳገት አለመሮጥ። የሚሻለው ወደ ጎን ወይም ወደ ቁልቁል፣ ወደ ታረሰ መሬት፣ ወደ መንገድ፣ ወደ ውኃ ወይም እሳቱ አስቀድሞ አቃጥሎት ወደ በረደ ቦታ መሄድ ነው። ረጅም ሣር ውስጥ መደበቅ ከሁሉ የከፋ ነው። ቤተሰቡ የሚገናኝበት አንድ ቦታ አስቀድሞ ይወሰን፤ ልጆች ያን ቦታ በቃላቸው ይወቁት። ልጆች እሳት ለማጥፋት አይሰለፉ።

5ኛ. ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል። የተቃጠለ ቆዳ ወዲያውኑ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሳል እንጂ አይጠቅምም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

6ኛ. ጭስ የሚጎዳው አብልጦ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ አረጋውያንንና አስም ያለባቸውን ነው። አፍ ላይ የሚታሰር እርጥብ ጨርቅ አመድን ቢያግድም ረቂቁን የጭስ ብናኝ አያስቀርም። ስለዚህ እነርሱን ከጭሱ ማራቅ፣ ካልሆነም ከነፋሱ በተከለለ ክፍል ማቆየትና በዚያ ክፍል ምድጃ አለማንደድ ይበጃል። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ሲመሽ ይሻለዋል ተብሎ አይጠበቅም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከእሳቱ በፊት የሚቀድም ቃል

እነዚህ ስድስት ነጥቦች ሁሉ ያስፈልጋሉ። ሆኖም ከሁሉም የሚቀድመው ወጪም ድካምም የሌለው ነገር ነው። በታኅሣሥ ወይም በጥር አንድ ማታ አባት ወይም እናት ከልጆቻቸው አንዱን አስከትለው የአዋሳኛቸውን ደጃፍ ያንኳኩ። «ዘንድሮ ማሳዎን የሚያጸዱት መቼ ነው? ስንት ሰው ያስፈልግዎታል?» ብለው ይጠይቁ። ጎረቤቱ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ነዋሪ ይሁን አዲስ መጥ ለውጥ የለውም። የጎረቤት ሐቅ በዲናችን ለእምነት ተጋሪ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ እሳትም አጥር ሲዘል ሃይማኖት አይጠይቅም።

በዚያ መንደር ደንቡ ከወጣ ወዲህ ሰዎች ማቃጠል አልተዉም። ነገር ግን በዋዜማው ይነገራል፤ ሰዉም ቅርንጫፉን ይዞ ይመጣል፤ ባለማሳው ቡና ያፈላል። እኒያ ሽማግሌም በተከታዩ ዓመት አገዳቸውን አላቃጠሉም። አባወራውና ልጆቹ በአንድ ቀን አንሥተው ለከብት መኖ ተካፈሉት። ፖሊስ ዘንድ ልሂድ ብሎ የነበረው ትልቁ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ማሳው ላይ የተገኘ እርሱ ነበር።

አላህ ቀያችንን፣ ልጆቻችንንና ደናችንን ከእሳት ይጠብቅልን። ጎረቤቶቻችን ሳይፈሩ የሚነግሩን ሰዎች ያድርገን። አሚን።